ልጓሟ እስኪፈታ

ደብረ ታቦር ውስጥ እንደዚያች ያለ መኪና ሌላ አላየሁም። ባለ ሁለት በር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከግቢያችን የድንጋይ ካብ ዝቅ የምትል፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጎኗ ተጨራምቶ ገዥ ያጣችውን እሱ አድሷት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ሳምንት ነድቶ አመጣትና ለአባቱ አስረከባቸው።

«ይች ናት እንግዲህ» አሉ አባቱ፣ ገበያ እንደቀረበች ፈረስ ዙሪያዋን እየዞሩ። «ሆዷ መሬት ይልሳል እኮ ልጄ። ኮብልስቶኑን እንዴት ልታልፈው ነው?»

«ቀስ እያሉ ነው አባዬ።»

«ቀስ ለማለትማ ኤንትሬዋስ መች አነሰችኝ!»

ኤንትሬ ሠላሳ ዓመት እህል የጫኑባት አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪናቸው ናት። ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በዓለም በር ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ነው የኖሩት፤ አውቶቡሱም ላንድክሩዘሩም እየቀደማቸው።

እኔ የአርሲ ልጅ ነኝ። በነርስነት ስመረቅ ዕጣዬ ደብረ ታቦር ወጣ፤ ባለቤቴንም ያገኘሁት እዚሁ ነው። እሱ ለእንጀራው አዲስ አበባ ሲሄድ እኔ ከሥራዬና ከአባቱ ጋር ቀረሁ። እናቱ እሱን ስትወልድ እንደሞተች ነግሮኛል። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም፤ የሰው ቁስል መነካካት አልወድም። አንድ ዘመድ በሌለኝ ሀገር በር ላይ ቆመው «አመሸሽ ልጄ» የሚሉኝ ሰው አባቱ፣ አባባ የምላቸው፣ ብቻ ነበሩ። መኪናዋ ስትመጣ ልባቸው ደክሞ ነበር። ሦስት ትራስ ደርቤ ነው የማስተኛቸው፤ ያበጠ እግራቸውን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል።

መኪናዋ ሁለት ሞተር አላት፤ የአንዱ ጉልበት ግን በሶፍትዌር ተይዟል። ፋብሪካው ሲሸጣት «ሙሉ ጉልበቷን ወደፊት በኢንተርኔት እንለቅላችኋለን» ብሎ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሲያስረዳቸው አባባ ቶሎ ገባቸው።

«ልጓም ገብቶላታል በለኛ። መቼ ነው የሚፈታላት?»

«ለመስከረም ብለዋል።»

መስከረም አለፈ። ለገና ተባለ፤ ገናም አለፈ። ፋብሪካው ቀኑን የሚናገረው በፈረንጅ ሩብ ዓመት ነው፤ ባለቤቴ ግን ለአባቱ እንዲገባቸው ወደ በዓል እየመነዘረ ይነግራቸው ነበር። ስለዚህ በየበዓሉ ዶሮው ከተበላ በኋላ ቤታችን የኀዘን ቤት ይመስላል። በመካከሉም ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ከረመ፤ ቢለቀቅ እንኳ የሚደርሰን አልነበረም።

አባባ ሰውን ሳያስምሉ አያምኑም። በስልክ ልጃቸውን እንዲህ ሲሉት እሰማለሁ፦

«ለፋሲካ ነው የምትለኝ?»

«እንደዚያ ብለዋል አባዬ።»

«ማርያምን በል!»

«እኔ እንዴት ልማል? የምለቀው እኔ አይደለሁ።»

«እንግዲያ ለምን ፋሲካ ትለኛለህ? ፋሲካንስ የምታወጣው አንተ ነህ?»

እንደሳቸው ጡረታ የወጡ ሾፌር ጎረቤት ነበሩን። ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ አባባን ያበሽቋቸዋል።

«አንተ፣ ይች መኪና ቆማ ነው ተኝታ?»

«ተኝታ ነው። አንተ ቆመህ ከምትሄደው ተኝታ ትቀድምሃለች።»

«በዚህ አያያዝ ልጓሟ ሲፈታ የሚጋልቧት የልጅ ልጆቻችን ናቸው።»

አባባ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ሳል ይለወጣል። ሳሉ ሲይዛቸው ጎረቤታችን ወደ አጥሩ ዞር ይላሉ።

የአባባ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ የመኪናዋ መልእክት የሚመጣው በእኔ ስልክ ላይ ነበር። በየቀኑ «ዛሬስ?» ይሉኛል፤ «አልመጣም አባባ» እላቸዋለሁ። ውሸት አልነበረም።

መልእክቱ የመጣው በፍልሰታ ሦስተኛ ቀን ነው። የዓመት ፈቃዴን ለሱባኤው ወስጄ፣ የዚያን ቀን ቆርቤ ነበር የተመለስኩት። ነጠላዬን ሳላጥፍ ስልኩን ከፈትኩት። ሙሉ ጉልበቱ ተለቋል ይላል። ከሥሩ ሁለት ቦታ የሚነካ አለ፤ አንዱ «አሁን»፣ አንዱ «በኋላ»።

በዚያ ቀን መብራት ነበር። ባትሪዋም ሙሉ ነበር። ከሳምንት ዝናብ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ የጉና አናት ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ ሰበብ እንዳላበዛ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ልባቸው አይችልም። መንገዱ ያንሸራትታል፤ ጉሙ ድንገት ይወርዳል፤ ከብትና ሰው ይሻገራል። ጾሙም የእመቤታችን ጾም ነው፤ በፍልሰታ ይጸለያል እንጂ መኪና አይጋለብም አልኩ። ዓመት የጠበቀ ሰው ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ጾሙ ሲፈታ፣ ባለቤቴም ሲመጣ፣ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ይነዷታል። «በኋላ» የሚለውን ነካሁ። ጥንቃቄ መስሎኝ ቀለል አለኝ።

ሽሮ ይዤ ስገባ ጎረቤታችን ተቀምጠዋል።

«ዛሬስ?» አሉኝ አባባ።

«አልመጣም አባባ።»

«አስምላት እንጂ!» አሉ ጎረቤታችን እየሳቁ። «አገሩን ሁሉ ታስምል የለ?»

«እሷን? እሷን አላስምላትም» አሉ አባባ፣ እጃቸውን ለመታጠብ ወደ እኔ እየዘረጉ። «እሷ ከዋሸች ማንን ይዤ ልቀር ነው?»

ውኃውን አፈሰስኩላቸው። ከቁርባን በወጣ አፌ እንደዋሸሁ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ አልቆረብኩም። ቅዳሴውን ውጭ ከዋርካው ሥር እየቆምኩ አስቀደስኩ፤ የሚያውቁኝ ሴቶች አሞኝ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይማርሽ» እያሉኝ ያልፋሉ።

ስልኩ በየቀኑ ይጠይቀኛል። በየቀኑ «በኋላ» እላለሁ።

በሳምንቱ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ አባባ መኪናዋ ውስጥ ነበሩ። ወንበሯ ይሞቃል፤ የነሐሴን ብርድ እዚያ ተቀምጠው ነበር የሚያሳልፉት። መድኃኒታቸውን ይዤ ስሄድ በሩን ከፈቱልኝ።

«ግቢ፣ በዝናብ አትቁሚ።» መድኃኒቱን ዋጡና፣ «የልጄ እናት የት እንደሞተች ነግሮሻል?» አሉኝ።

«በወሊድ ነው ያለኝ።»

«በወሊድስ በወሊድ ነው። የት?»

«እሱን አልነገረኝም።»

«ለመጀመሪያ ልጇ ነውና እናቷ ቤት፣ ይፋግ ሄዳ ነበር፤ እንደ ወጉ። ምጡ ሲጠናባት ሰው ላኩብኝ፤ እህል ጭኜ ወረታ ነበርሁ። ሄጄ አነሣኋት። ጭነቱን ላራግፍ ወይስ ልሂድ? ማራገፉ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ከነጭነቴ ዳገቱን ያዝሁት። ዓለም በርን ስናልፍ ትናገር ነበር። ‹ትንሽ ፈጠን አትልም?› ትለኛለች። ነዳጁን ወለል ድረስ ረግጨዋለሁ ልጄ፤ ከዚያ ወዲያ የት ልርገጠው? አንድ አውቶቡስ ጡሩንባውን ነፍቶ ቀደመኝ። ሆስፒታሉ በር ስደርስ ልጁን አተረፉት። እሷ የለችም። ሐኪሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ግማሽ ሰዓት ብትቀድም ኖሮ› አለኝ።»

«እንደዚያ ማለት አልነበረባቸውም አባባ። ማን ያውቃል?»

«እሱን ለማወቅ ነው እንጂ! የማይበለጥ መኪና ዳገቱን በስንት ሰዓት ይወጣዋል? ግማሽ ሰዓቱ ከየትም የማይገኝ ከሆነ የወሰዳት እግዜር ነው። ከተገኘ እኔ ነኝ፣ ጭነቴ ነው። በሚኒባስ ወጥቼ አይቸዋለሁ፤ ሰው ሲጭን ሲያራግፍ ምኑ ይታወቃል? በዚችም ልጓሟ እንደገባ ብወጣው ‹ቢፈታላት ኖሮ› ማለቴ አይቀርም። አንድ ጊዜ ወጥቸ ሰዓቴን ማየት ነው የምፈልግ። ሌላ ነገር የለኝም።»

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ የሽማግሌ ደስታ፣ የፍጥነት አምሮት መስሎኝ ነበር ያቆየሁባቸው። «መጥቷል» ብል «መቼ?» ይሉኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ዓይናቸውን እያየሁ እንደዋሸኋቸው ልነግራቸው ነው። አፌን ከፈትኩና «እግርዎ እንዳይበርድ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ምሰሶ ጥሎ ነው አሉ። መብራት በሌለ በሦስተኛው ቀን፣ የቡሄ ጅራፍ በየሰፈሩ ሲጮህ፣ አባባ ተኝተው መተንፈስ አቃታቸው። ትራሱ አምስት ሆነ። ያኔ ነው «አሁን» የሚለውን የነካሁት። ባትሪው አይበቃም አለኝ። ግማሽ ካልሞላ ሶፍትዌሩን አይጭንም፤ የነበረውን ደግሞ አባባ ወንበሯን ሲሞቁ ጨርሰውታል።

ገብቼ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«መጥቷል አባባ።»

«ማርያምን?» አሉ ልጃቸውን እንደሚሉት፤ ወዲያው ግን ራሳቸው አፍረው እጄን ያዙኝ። «መቼ መጣ?»

«ዛሬ» አልኳቸው።

«እሰይ። መብራት ይምጣ ብቻ።»

ሆስፒታል ያደረስናቸው በባጃጅ ነው። ኦክሲጅን ተደርጎላቸው ሁለት ቀን ቆዩ። የማውቃቸው ባልደረቦቼ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ እኔም ከአልጋው ሥር አልተነሣሁም። በነቁ ቁጥር የሚጠይቁኝ «መብራቱስ?» ብለው ነበር። ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው አረፉ።

ባለቤቴ ለቀብር ደረሰ። ሰው ሁሉ እኔን ያመሰግናል፤ «እንደ ልጅ ጦረቻቸው» ይላል። ጎረቤታችን ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ቁጭ ብለው «ልጓሟ ሳይፈታ ሄደ፣ ወንድሜን» እያሉ አለቀሱ። የንስሐ አባቴን አንድ ጥግ ወስጄ ነገርኳቸው። ሶፍትዌር ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ «የሚጠብቁት ነገር መጥቶላቸው ነበር፤ አልመጣም አልኳቸው» ነው ያልኩት። ስግደቱንና ጾሙን ሰጡኝና፣ «ይህ ግን የእኔና የአንቺ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «ልጁ ሳያውቅ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቅረቢ።»

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ድንኳኑ ሲነሣ ነገርኩት። መልእክቱ የመጣበትን ቀን ስልኬ ላይ አሳየሁት። ዳገቱን እንደነገሩኝም ነገርኩት።

አልጮኸብኝም። ስልኩን መለሰልኝ።

«እኔ የተወለድኩበትን ነው የነገሩሽ» አለ።

«አዎ።»

«ለዚሁ ነው ያመጣኋት። ለአንቺ ያልነገርኩሽ፣ እሳቸው ለሰው እንዲወራ አይፈልጉም ብዬ ነበር።»

መብራት ተመልሶ ነበር። ባትሪዋን ሞላ፤ «አሁን» የሚለውን ራሱ ነካ። እስኪጭን ድረስ በሩን ዘግቶ ውስጥ ተቀመጠ። ሲያልቅ ማጠፊያው የላላውን የግቢ በር ከፍቼለት ወጣ፤ ቁልቁል ወደ ዓለም በር ነው የሄደው። መንገዱ ርጥብ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ፤ የቱ ጋ እንደደረስኩ እየጠፋኝ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የፈራሁለት ልብ አሁን የለም፤ የምፈራለት ሌላ ሰው ዳገቱ ላይ ነበር።

ሲመለስ መኪናዋ እስከ መስታወቷ ጭቃ ለብሳለች። እሱ ምንም አልሆነም። ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄዶ እንደተመለሰ ከመጣበት አቅጣጫ አወቅሁ። ወረደና የአንገት ልብሱን አወለቀ።

«ስንት ፈጀብህ?» አልኩት።

እጁን ሊታጠብ ገባ። እራት አቅርቤለት በላ።

አርባቸው ወጥቶ መኪናዋን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የበዓል ሰሞን ይደውላል፤ እኔም በሳምንት አንዴ እደውላለሁ። ለባለቤቴ መናገሬን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ወደ ቁርባን እንድመለስ ፈቀዱልኝ። ገና አልተመለስኩም። ባለፈው ወር በስልክ ደግሜ ጠየቅሁት፤ ግማሽ ሰዓቱ ይገኝ ነበር ወይስ አይገኝም ብዬ፣ በቀስታ።

«አባዬ ቢጠይቁኝ ነበር የምነግራቸው» አለኝ።

ከዚያ የግቢው በር ተጠግኖ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተጠገነም አልኩት።