የሐጂ ቤት መብራት

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የምተርከውን ሰምቶ «ምን ዓይነት ባል ነው?» የሚለኝ እንዳይኖር ነው። ክፉ አይደለም፤ ግትር ነው። በግትርነት መካነ ሰላም ውስጥ የሚያህለው የለም። እኔም የወረስኩት ከሱ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነበር። ቅሬ እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት፣ ሲቸገር የሚረዳዳበት፣ ሲጣላ የሚታረቅበት ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ደጁ አይረገጥም፣ ሲሞት ሬሳውን የሚያነሣለት የለም። ስልኩን ሲነካካ የሚውል ወጣት ይህን ሲሰማ ይስቃል። እናቱ የሞተችበት ቀን ግን አይስቅም።

አዲሱ ቆጣሪ ይገባል የተባለው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ስማርት ቆጣሪ ይሉታል። ከመብራት ቢሮ የመጣው ሰውዬ ቀበሌ አዳራሽ ሰብስቦን አሮጌው ቆጣሪ ከየቤቱ እንደሚነሣ፣ አዲሱ እንደ ስልክ በካርድ እንደሚሞላ፣ ካርዱ ሲያልቅ ራሱ እንደሚዘጋ አስረዳን። ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ በየደጁ መዞሩም ይቀራል አለ። በግድ ነው ወይ ሲባል፣ እምቢ ያለ ቤት ቀነ ገደቡ ሲደርስ ከመስመር ይቆረጣል ብሎ ቁጭ አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ፣ ሲስተም በጠፋ ቁጥር እኛም በጨለማ ልንቀመጥ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዷ ደግሞ ቤት ውስጥ የምናወራውን ሁሉ ይሰማል አሉ ብላ አሳቀችን። አባቴ አልሳቀም። ተነሥቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና ተናገረ።

«መብራቴን ሊቆርጥ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣውን ልጅ አውቀዋለሁ። ደጄ ላይ ቆሜ እለምነዋለሁ፤ ሰው ነውና ይሰማኛል። ይሄኛው ሲቆርጠኝ ማንን ልለምን ነው?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን አራሰው። ሰውዬው ወረቀቱን ሲያገላብጥ አጨበጨብኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬም አጨበጭብ ነበር።

አልቆመም። በሚቀጥለው እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ፤ አባቴም ዳኛ ነውና መሐላውን እሱ አወጣው። አዲሱን ቆጣሪ ያስገባ ቤት እሳት አይጫርለት፣ ደጁ አይረገጥ፣ ሬሳው አይነሣ አለ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም ባረኩ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ቁጭ ብዬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርኩ፤ የማስበው ቤት ያለውን ማሽን ነበር።

እናቴ ሳንባዋ ከደከመ ቆይቷል። ደሴ ያለው ወንድሜ የላከላት የኦክስጅን ማሽን አልጋዋ አጠገብ ሌት ተቀን ያጉረመርማል፤ ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አለ። ቱቦውን አውልቃ መጸዳጃ ቤት ደርሳ እስክትመለስ ነው የምትችለው። ከዚያ ካለፈ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ጣቶቿ ይበርዳሉ። መብራት ሲጠፋ የምንቀጥልላት ትንሽ ሲሊንደር አለች፤ ስታልቅ በሚኒባስ ደሴ ሄዳ ተሞልታ ትመጣለች፣ መንገዱ ከፈቀደ።

ማታ እራት ላይ አልቻልኩም። ቀነ ገደቡ ደርሶ መብራታችን ሲቆረጥ እማዬን ምን ልታደርጋት አስበሃል አልኩት። እንጀራውን ቆርሶ ወጡ ውስጥ ነከረ። ደግሜ ጠየቅኩት። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። እኔስ ብጠፋ ግድ የለኝም፤ የምትጠፋው ግን የወለድካት ሳትሆን ያገባሃት ናት አልኩት። ማዕዱን ትቶ ተነሣ። ከጓዳ ደግሞ የእናቴ ሳል መጣ፤ ለካ ሁሉንም ሰምታለች።

በማግስቱ የልብስ ስፌት ቤቴን ዘግቼ መብራት ቢሮ ሄድኩ። ታማሚ አለብን፣ በማሽን የምትተነፍስ፤ የኛን ቤት ቢያንስ አትቁረጡብን አልኩ። ኃላፊው መጥፎ ልጅ አልነበረም፣ ወንበር ሰጠኝ። ታማሚ ስላለበት ቤት የመጣ የተለየ መመሪያ የለም አለኝ። እሱ ሊያደርግልኝ የሚችለው ቆጣሪውን ቶሎ ማስገባት ብቻ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። እምቢ ብንል ቢሮው ይቆርጠናል፤ እሺ ብንል ቅሬው ይቆርጠናል። እንግዲህ ምረጪ ተባልኩ።

የመረጠችው እናቴ ናት። ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ይዘው የመጡ ቀን አባቴ ቀብር ላይ ነበር። በሩን ይዤ ቆምኩ፤ ልክፈት ልዝጋ አላውቅም። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ጠራችኝ። ድምፅዋ ትንሽ ነው፣ በየቃሉ መሀል አየር ትስባለች።

«ክፈችላቸው። ቤቱ የኔም ነው።»

አባቴ ከቀብር ሲመለስ አሮጌው ቆጣሪ የነበረበት ቦታ ላይ ነጩን ሳጥን አየው። ጥግ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸም። እሑድ ቅሬው ፊት ቆሞ የራሱን ቤት ከቅሬ አስወጣ። የቅሬው ሰዎች ታማሚ አለባቸው፣ ይለፉ ብለው ለምነውት ነበር አሉ። በኔ ቤት ላይ ያልሠራ ሕግ በማን ላይ ይሠራል ብሎ እምቢ አለ። ሌላ ዳኛ እስኪመረጥ መሐላው በእጁ ነው፤ እሱ ግን ደጁ በማይረገጥ ቤት ውስጥ የሚኖር ዳኛ ሆነ። አጃኢብ ነው!

እቤትም አርፎ አልተቀመጠም። በአዲሱ ቆጣሪ መብራት አልጠቀምም ብሎ ፍራሹን ወደ ጓሮው ክፍል ወሰደ፣ በእጅ ባትሪ እየዳበሰ እራቱን ይበላል። እናቴን አላኮረፈም። ጠዋት ጠዋት መጥቶ እግሯን ያሻታል፣ ወሬ ይነግራታል። ማሽኑ የሚሠራው በየትኛው መብራት ነው ብዬ ስተርበው አልሰማሁም ይላል።

ከሁሉ የከበደኝ ሐጂ ናቸው። ሐጂ የቆርቆሮ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከአባቴ ጋር ከልጅነት ጀምረው አንተ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። እናቴ መጀመሪያ የወደቀች ቀን በጀርባቸው አዝለው ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው፤ አባቴ ገጠር ነበር። ከዚያች እሑድ ወዲህ ግን በአጥሩ ማዶ ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሰላም ስላቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣም። አልፈርድባቸውም፤ ሐጂ አሚን ካሉ አሚን ነው።

በዚያ መሀል አንድ የገበያ ቀን መጣ። ሲሊንደሯ ለመሞላት ደሴ ሄዳ መንገድ ተበላሽቶ አልተመለሰችም። ማሽኑ ካሰብነው በላይ ካርድ ይበላል፤ ጠዋት ቆጣሪው ጢጥ ጢጥ ማለት ሲጀምር ካርድ ልሞላ ሮጥኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሳታየኝ «ሲስተም የለም» አለች። መቼ ይመጣል? አይታወቅም። በስልክ ልሙላ ብል ኔትወርኩም የለም። እናቴ አለችብኝ ብዬ ለመንኳት። ልጅቷ እንባዋ መጣ፤ እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ በኔ እጅ አይደለም አለችኝ። በማን እጅ ነው? አታውቅም። የአባቴ ጥያቄ ያኔ ትዝ አለኝ፤ ማንን ልለምን ነው?

እየሮጥኩ ስመለስ ገና ከደጅ ማሽኑ ዝም ማለቱን ሰማሁ። አዳራሽ ውስጥ እንኳ ያ ማጉረምረም በጆሮዬ ነበር የሚኖረው። አባቴ ጋቢውን ጥሎ እናቴን ደግፎ ቁጭ አድርጓታል፤ ዓይኗ ፈጥጧል፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ካርድ የለም፣ ሲስተም የለም አልኩት። አየኝ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ የሐጂን ጣሪያ አየ። የሐጂ ቤት ገና አሮጌው ቆጣሪ ነበረው፤ ቀነ ገደቡ አልደረሰም። ሬዲዮናቸው ይሰማል።

እናቴን ለኔ ትቶ ወጣ። መስኮቱ በአጥሩ በኩል ነው፣ ሁሉንም አያለሁ፣ እሰማለሁ። ሐጂን በስማቸው ጠራቸው። ሐጂ ቀድመው አጥሩ ጋ ቆመው ነበር፤ ረጅሙ ኤክስቴንሽን ተጠቅልሎ በእጃቸው አለ። እናቴ ስትተነፍስ የምታሰማውን ሰምተው ነው ያመጡት። አባቴ እጁን ዘረጋ። ሐጂ አልሰጡትም። ዕድሜ ልካቸውን አንተ ሲሉት የኖሩትን ሰው በዚያች ሰዓት አንቱ አሉት።

«ገመዱ ይኸው። እኔ ግን አሚን ያልኩት በአላህ ፊት ነው። አንቱ ነዎት ያሰሩኝ፤ ይፍቱኝ።»

አባቴ ዝም አለ። ያን ዝምታ እስክሞት አልረሳውም። እናቴ ደረቴ ላይ ናት፤ ጣቶቿ ክንዴን ይዘውኛል፣ እየላሉ ሲሄዱ ይሰማኛል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ አፋፉ ላይ ያለችው ግን እናቴ ነበረች። ጠላሁት። አባቴን ጠላሁት፣ ሐጂንም ጠላኋቸው፣ ቢሮውንም፣ የሚጠፋውን ሲስተምም። ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ብቻ ጮህኩ። ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ የሱ አይመስልም ነበር።

«ፈትቼሃለሁ። አንተንም፣ ሁሉንም። አጥፍቼ እንደሆነ በኔ ይሁን።»

ገመዱ በአጥሩ ላይ ተወርውሮ በመስኮቱ ገባ። ስፒናውን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቴ ሳትኩት። ማሽኑ አንዴ ጮኾ ማጉረምረም ጀመረ። ሐጂ ከአጥሩ ማዶ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይላሉ። የእናቴ ከንፈር ቀለም ቀስ እያለ ተመለሰ። አባቴ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ሐጂ ዞረው በበሩ ገቡና አጠገቡ ቁጭ አሉ። 

መሐላ ለአንዱ ከተፈታ ለሁሉ ተፈታ። ወሬው ገበያውን ዞሮ ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ዳኛው ራሱ ፈታው ተባለ። ሰውም በቀነ ገደቡ ፈርቶ ነበርና፣ ሠራተኞቹ ሲመጡ በር የዘጋ አልነበረም። ሰው ደጃችንን መርገጥ ጀመረ፣ እንጀራና ወጥ ይዘው የመጡም ነበሩ። አባቴ ዳኝነቱን አስረከበ፤ ፍራሹንም ከጓሮ መለሰ። ከሐጂ ጋር እንደ ድሮው አንተ ይባባላሉ፣ አንዳንዴም ይሰዳደባሉ።

የሐጂ አሮጌ ቆጣሪ ሲነሣ በመስኮቱ ቆሜ አየሁ። እናቴን ያተረፈ ቆጣሪ ነው። ሠራተኛው ፈትቶ ካርቶን ውስጥ ወረወረውና ነጩን ሳጥን ሰቀለ፤ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። አባቴ ልክ ነበር። ይህን ማመን ዛሬም ያናድደኛል። ባይፈታው ኖሮ እናቴ አትኖርም፤ ስለፈታው ደግሞ ዛሬ በሰፈሩ አንድ አሮጌ ቆጣሪ የለም።

ገመዱን አላነሣነውም። ሐጂ ይቆይ ብለዋል፤ ከመስኮታችን ወጥቶ በአጥሩ ላይ አልፎ ሳሎናቸው ይገባል። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ጫፉን ታየዋለች። ከቤት አትወጣምና የሰፈሩን ቆጣሪ ነገር የምትሰማው ከኔ ነው። ጠዋት ማሽኑን ሳስተካክልላት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። ሐጂ ቤት መብራት አለ?

አለ እማዬ፣ እላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። የሳቸውም ቆጣሪ አሁን እንደኛው በካርድ እንደሆነ፣ ሲስተም ሲጠፋ እሳቸውም የሚሞሉት እንደማያገኙ አልነገርኳትም።