በግራን ባራ የጎደለው ናፍጣ

«አንቺ ደግሞ የማን ሰላይ ነሽ?» አለኝ ጋሽ አበጋዝ፣ ከጋቢናው ቁልቁል እያየኝ።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። ከጅቡቲ ከተማ መውጫ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ቦርሳዬን አንግቤ ቆሜያለሁ። ቦርሳው ውስጥ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ናስትሮ አለ። ሥራዬ ዳሽቦርድ ሥር ገብቼ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ዕቃ መግጠም ነው። ዕቃዋ መኪናው የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ሞተሩ መነሳት አለመነሳቱን በኢንተርኔት ለባለንብረቱ ትናገራለች።

«የመኪናው ባለቤት ሰላይ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። «ቢያንስ አትዋሺም። ግቢ።»

ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም፣ ቤት ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልም። ጅቡቲ መጣሁና ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር፣ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ቤት ተቀጠርኩ። ልብስ እየተኮስኩ ፈረንሳይኛ ለመድኩ። አንድ ቀን የቤቱ ኢንተርኔት ተበላሸና ሮብሌ የሚባል ሰው ሊሠራ መጣ። የጅቡቲ ሱማሌ ነው፤ እሱም ድሬ ነው ያደገው። ከኋላው ቆሜ «ይሄ ለምንድነው? ያኛውስ?» እያልኩ አላሠራ አልኩት።

«አቦ፣ ወይ ዝም በይ ወይ መጥተሽ ከእኔ ጋር ሥሪ!» አለኝ።

በወሩ መጨረሻ ለእመቤቲቱ ነገርኳትና ሄድኩ።

አዲሱ ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ስንዴም፣ ማዳበሪያም፣ ብረትም በከባድ መኪና ነው የሚሄደው። የሮብሌ ቢሮ ወደቡ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ትልቅ ስክሪንና የሚንቋቋ ቬንትሌተር አላት። ቴክኒሻን እኔ ብቻ ነኝ። ሮብሌ ለደንበኛ ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነበረችው። «እኛ የምንሸጠው ዕቃ አይደለም፤ የባለንብረት እንቅልፍ ነው።»

ውሸትም አልነበረም። ከዚያ በፊት ሾፌር ስልክ ሲደወልለት መልሱ «ጋላፊ ደርሻለሁ» ነበር። ድንበሩ ላይ ነኝ ማለቱ ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ከተማ ምርቃናው ላይ ነው። እኛ ዕቃ መግጠም ስንጀምር ጋላፊ ባዶዋን ቀረች። አስመጪዎች መጋዘንና ጫኝ አስቀድመው ማዘጋጀት ቻሉ። ሙቀት የጣለውን አንድ ሾፌርም መኪናው ያለ ምክንያት መቆሙን ከስክሪን ላይ አይተን ሰው ልከንለታል። ይህንን የምጽፈው ሥራውን እንደምጠላው እንዳይመስላችሁ ነው።

ችግሩ ግን የዕቃው ሳጥን ላይ አይጻፍም። በጅቡቲ በጋ ናስትሮው ይቀልጣል። የባሕሩ ነፋስ ጨው ነው፤ ሽቦውን ይበላዋል። መኪናው ድንበር ሲሻገር የጅቡቲው ሲም ካርድ ኔትወርክ ያጣና መኪናው ከስክሪን ይጠፋል፤ ደንበኛው ይጮሃል። ዕቃዋ ግን ያየችውን ሁሉ ይዛ ቆይታ ኔትወርክ ስታገኝ ባንዴ ትዘረግፈዋለች። ይህንን ለደንበኛ ማስረዳት ከመግጠሙ ይከብዳል። ሽቦ የሚቆርጡ ሾፌሮችም ነበሩ። እነሱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደግሞ መቀጠል ነው።

ቀጥሎ ደንበኞች «ናፍጣውንም አሳዩን» አሉ። ታንኩን በስተን ረጅም ዘንግ እናስገባለን፤ ዘንጉ የናፍጣውን ከፍታ ይለካል። መጀመሪያ ታንኩ ባዶ ይደረግና በጀሪካን እየተሞላ፣ በየጀሪካኑ ዘንጉ የሚሰጠው ቁጥር ይመዘገባል። ይህንን የዘለለ ቴክኒሻን ዕድሜ ልኩን ሲጨቃጨቅ ይኖራል። በሾፌሮቹ ዘንድ ስሜ የጠፋው በዚህ ዘንግ ነው። ጋሽ አበጋዝ ብቻ ሲያየኝ «የዘንጓ እመቤት መጣች!» ብሎ ይቀልድ ነበር።

አዲሱ ባለሁለት ሲም ዕቃ ሲመጣ ድንበር ላይ ልሞክረው ከእሱ ጋር ወደ ጋላፊ ወጣሁ። ግራን ባራ ላይ፣ ያ የተሰጣ የሚመስለው ሜዳ መሀል፣ አንድ መኪና ቆሟል። የሌላ ድርጅት ነው። ጋሽ አበጋዝ ምንም ሳይለኝ ዳር ያዘና ቱቦውን አወጣ። አንዱን ጫፍ ታንኩ ውስጥ ከተተ፣ ሌላውን በአፉ ሳብ አደረገና ወደ ሰውየው ጀሪካን ለቀቀው። ውኃም ሰጠው። ሁለቱም አፋቸውን ጠርገው ተለያዩ።

«ማነው?» አልኩት መንገድ ስንጀምር።

«የቆመ ሰው ነዋ።»

«አታውቀውም?»

«ምኑን ነው የማውቀው? ነገ እኔ ስቆም የሚሰጠኝም አያውቀኝም። በዚህ መንገድ የቆመ አይታለፍም። ያለፈ ሰው ሻይ ቤት ገብቶ የሚያስጠጋው የለም።»

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ መኪና ላይ ዕቃ ከመግጠማችሁ በፊት ከሾፌሩ ጋር አንድ ጉዞ ሂዱ። ስክሪን ላይ የምታዩት ነገር ያኔ ትርጉም ይኖረዋል።

ከዚያ ጉዞ ጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አቶ ሙሉጌታ የሚባል ሰው ቢሯችን ገባ። የጋሽ አበጋዝ ድርጅት የጅቡቲ ተጠሪ ነው፤ ከደንበኞቻችን ሁሉ ትልቁ። ከስክሪኑ የታተመ ወረቀት ይዟል፤ ጋሽ አበጋዝንም አስከትሎ ነው የመጣው። ወረቀቱ ላይ የናፍጣው መስመር ደህና ሲወርድ ይቆይና ግራን ባራ ላይ ገደል ይገባል። በሌላ ጉዞም እንደዚያው።

«ለማን ሸጥከው?» አለው እኛው ፊት።

«አልሸጥኩም። ለቆመ ሰው ሰጠሁ።»

«ለማን?»

«ስሙን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀውም አልነግርህም።»

«እኔ አብሬው ሄጄ ሲሰጥ አይቻለሁ» አልኩ።

አቶ ሙሉጌታ ዞሮ አየኝ። «በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

«እንግዲያው አርፈሽ ተቀመጪ።»

«ስማኝ» አልኩት፣ «ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ እንግጠም። ሾፌሩ ናፍጣ ሲሰጥ ይጫነዋል፣ አንተ ስክሪን ላይ ታየዋለህ፣ ያኔውኑ ደውለህ ትጠይቀዋለህ።»

«ሮብሌ፣ ይቺ ልጅ ሰው አንቱ ማለት አታውቅም እንዴ?»

«የድሬ ልጅ ናት፤ እኛ አንቱ የምንለው የለም» አለ ሮብሌ ሊያስቀው ፈልጎ። አልሳቀም።

«ለሌባ ደወል ልግዛለት ነው የምትይኝ?» አለኝ አቶ ሙሉጌታ። ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። ሾፌሩን ለማሰናበት ዘንጉን የገጠመው ቴክኒሻን «ስርቆት ተፈጽሟል» ብሎ መፈረም አለበት። ያለ እሱ አዲስ አበባ ያለው ዋና ቢሮ አይቀበልም። ካልተፈረመ ደግሞ ዕቃዎቻችንን ከመኪኖቹ ሁሉ ነቅሎ ይጥላል።

ጋሽ አበጋዝን ተከትዬ ደጅ ወጣሁ። ጥላው ሥር ቆሞ ሲጋራ ለኮሰ።

«የሰጠኸውን ሰው ታውቀዋለህ አይደል? ንገራቸውና ይልቀቁህ።»

«ልጁ አዲስ ነው። ናፍጣ ጨርሶ ቆመ ከተባለ ‹የት ሸጥከው?› ሊሉት ነው። እሱም ላይ ዘንግ ገጥመውበታል።» ጭሱን ተፋ። «ማን የገጠመችበት ይመስልሻል?»

እኔ ነኛ።

ተመልሼ ገባሁና ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፍኩ። «መኪናው ቆሞ ሳለ ከታንኩ ናፍጣ ወጥቷል። መለኪያው በትክክል ይሠራል። ናፍጣው ለማን እንደሄደ፣ ተሽጦ ይሁን ተሰጥቶ መለኪያው አይለይም።» አትሜ ፈረምኩበት።

አቶ ሙሉጌታ አነበበው። «ይሄ ምንም አይልም።»

«ዕቃውም ከዚህ በላይ አይልም።»

ሮብሌ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አጥፍቶ የተፈለገውን ጻፈ። አትሞ ብዕር ጨምሮ ሰጠኝ።

«አቦ ሳባ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«ሰውየውን የምታባርረው እኮ እሷ ናት።»

«እሱ ባይባረር እኔ ልዘጋ ነው! ወንድምሽ አይደለ፣ አባትሽ አይደለ!»

ጋሽ አበጋዝ ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባ። «ፈርሚ፣ ልጄ። እኔ ሾፌር ነኝ፣ መኪና አላጣም። አንቺ ተመልሰሽ ሰው ቤት ልብስ ልትተኩሺ ነው?»

«አንተ ዝም በል፣ አንተን የጠየቀ የለም» አልኩት። ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን ሊይዝ ይሁን ለሌላ አላወቅኩም።

ሮብሌ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳባ። ካልፈረምሽ ነገ እዚህ እንዳትመጪ።»

ብዕሩን ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት። ቦርሳዋ የቢሮው ስለሆነች እንዳለች ተውኳት። ውጪ ወደ ሰፈሬ ወደ አርሂባ የሚሄደው ሚኒባስ ሊነሳ ነበር፤ ሮጬ ደረስኩበትና ገባሁ።