ጥቁር ጥለት ያለው ማስታወቂያ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። እስራኤል ስንመጣ መጀመሪያ ካሰፈሩን ካራቫን ወጥተን ቤር ሼቫ ከተማ ቤት ከገባን በኋላ ነው፤ ትልቋ ልጄ ከመዳሯ በፊት ነው። ባለቤቴ «ፍሪጁ የተበላሸብን በጋ ነው» ትላለች። ወንድሟ ደግሞ «የለም፣ ጸጉሬ ገና ሳይሳሳ ነው» ይላል። ጸጉሩ መሳሳቱን እሱ ራሱ እስከ ዛሬ ስላላመነ በዚያ መቁጠር አይቻልም። ፍሪጁም ቢሆን ስንት ጊዜ ነው የተበላሸው። ብቻ ሰዉ ዘጠናዎቹ በሚለው ዘመን ውስጥ ነው፤ ከዚህ በላይ አታስጨንቁኝ።

ያን ጊዜ በአሮጌው ከተማ በአንድ ማተሚያ ቤት ወለል እጠርግ ነበር። ጌታው ከሩማንያ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ወገቡን የሚያመው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም፣ ሲያጉረመርም ግን ዳቦውን ቆርሶ የሚያካፍል ሰው። የኔ ዕብራይስጥ ጥቂት ነው፣ የሱም እንደ ሩማንያ ነው፤ ስለዚህ በደንብ እንግባባ ነበር።

ትልልቅ ማስታወቂያ የሚያትምበት የእንጨት ክፈፍ ነበረው። በክፈፉ ላይ ስስ ጨርቅ ይወጠራል። ከጨርቁ ላይ የማይፈለገው ቦታ ይደፈናል። ከላይ ቀለም አፍስሰህ በጎማ ስትጠርገው፣ ባልተደፈነው በኩል ብቻ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ጨርቁ ላልቶበት ሲራገም አየሁት። እኔ ጎንደር ሸማኔ ነበርኩ፤ አባቴም ሸማኔ ነው። የላላ ጨርቅ ካየሁ እጄ አርፎ አይቀመጥም። መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ ወጠርኩለት። ሩማንያዊው በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ጨርቁ እንደ ከበሮ ሲመልስለት «ከነገ ጀምሮ ጥዋት ትጠርጋለህ፣ ከሰዓት ትወጥራለህ» አለኝ። ሹመት መሆኑ ነው። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት «ደመወዙስ?» አለች። «ሹመቱ ገና ትኩስ ነው፣ በረድ ይበል» አልኳት።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዘፋኝ ነው። ቀን ፋብሪካ ይሠራል፣ ሰርግ ሲገኝ ይዘፍናል። ባንድ አለው። አንዱ ማሲንቆ ይመታል፣ አንዱ ከበሮ፤ ኦርጋን የሚጫወተው ደግሞ ከሩሲያ የመጣ ሰውዬ ነው። ከሩሲያዊው ጋር ማንም በወጉ አይነጋገርም፤ ሳይጣሉ የቆዩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አማቴ ግን ልጃቸው ዘፋኝ መሆኑን አፋቸውን ሞልተው ተናግረው አያውቁም። በአገራችን አዝማሪ ይጨበጨብለታል እንጂ ልጅ አይሰጠውም። ሰው «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲላቸው «ፋብሪካ» ይላሉ። «ማታ ማታስ?» ካላቸው «ማታማ ይተኛል» ይላሉ።

በዚያ ሰሞን የማትናሱ፣ የሰፈሩ መዝናኛ አዳራሽ ማለት ነው፣ ኃላፊ ሴትዮ ልጁን አስጠርታ «አንድ ሐሙስ ማታ እሰጣችኋለሁ» አለችው። «አዳራሹ ከሞላ በየወሩ የናንተ ነው። ካልሞላ ልጆቹ ለጠረጴዛ ቴኒስ ሲለምኑኝ ኖረዋል።» እሱም ወደ እህቱ መጥቶ ማለ፤ ካልሞላ ዘፈን የሚባል ነገር ይቅርብኝ፣ ፋብሪካዬን አርፌ እሠራለሁ አለ። ባለቤቴ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ወንድሟ ዘፈን ቢተው ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ትቶ ቤቱን ሁሉ አስለቅሷል።

በማግሥቱ ማተሚያ ቤት መጣ።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያ ያስፈልገኛል። ጥሩ ይሁን፣ ርካሽም ይሁን።»

«ጥሩና ርካሽ አይተዋወቁም» አልኩት።

«አንተ ታስተዋውቃቸዋለህ።»

ሩማንያዊው አዳመጠንና አጉረመረመ፤ እሺ ማለቱ ነው። ከሰርግ መጥሪያ የተረፈ ወፍራም ወረቀት ከመደርደሪያው ሥር እንዳወጣ ፈቀደልኝ። ቀለም የተረፈው ጥቁር ብቻ ነው። ፎቶ አምጣ ቢባል ልጁ ለመታወቂያ የተነሣውን አመጣ። ለመታወቂያ ፎቶ ማን ይስቃል? ልክ መርዶ እንደሚሰማ ሰው ዓይኑን አፍጥጧል። ሩማንያዊው ፎቶውን አጉልቶ ጨርቁ ላይ አወጣልን፤ ከሥሩ ስሙን በትልቁ፣ ቀጥሎ ሐሙስ ማታ በማትናስ የሚለውን፣ ከሁሉ በታች «የሙዚቃ ምሽት» የሚለውን በቀጭኑ ጻፈበት፤ ሁሉም በዕብራይስጥ ነው። ከዚያ ሩማንያዊው የገዛ ልጁን ሊጠይቅ ወደ ሃይፋ ከተማ ሊሄድ ሆነ። በር ላይ ቆሞ፣ «ቀለሙን አታቅጥነው። አትቸኩል። ዳር ዳሩን በፕላስተር ሸፍነው» አለኝና ወጣ።

ቀለሙን አላቀጠንኩም። አልቸኮልኩም፤ መቸኮል ከመጀመሪያውም አልተፈጠረብኝም። ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ። የሰርጉ ወረቀት ቀለሙን ደስ ብሎት ተቀበለው። ዕውነቱን ለመናገር ከትልልቆቹ ድርጅቶች ማስታወቂያ አይተናነስም ነበር። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ወረቀቱን ራቅ አድርጌ አየሁት፣ ቀረብ አድርጌ አየሁት። ዳር የለውም። ጥለት የሌለው ነጠላ ምንድነው? አቡጀዲ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ዳሩን ራቁቱን አይወጣም ብዬ ፕላስተሩን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አደረግሁት። ጎማውን ስስበው በአራቱም ዳር አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ጥለት ወረደ፤ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የገጠመ። አባቴ ቢያየው ዝም ይል ነበር። አባቴ ዝም ካለ ሥራው አምሮታል ማለት ነው።

ልጁም መጥቶ አየው። «ጋሼ፣ ይሄማ የትልቅ ሰው ነው የሚመስለው» አለ። እሱ የገዛ ፊቱን ሲያይ ሌላ ነገር አይታየውም።

እሑድ ጥዋት ባለቤቴ የዱቄት ሙጫ ቀቅላ በባልዲ ሰጠችንና ሁለታችን ወጣን። በገበያው በኩል ለጠፍን፣ ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ተራ፣ ለጠፍን፣ የኛ ሰው በሚበዛበት ሰፈር ሁሉ ለጠፍን። «ራሞትም እንለጥፍ» አለኝ። የራሞት ሰፈር ሰው በመኪና ነው የሚያልፈው፣ ቆሞ የሚያይልህ ድመት ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። ለጠፍን። በየሰሌዳው ላይ እንደኛው ጥቁር ዳር ያላቸው ሌሎች ወረቀቶች ነበሩ። «አየህ» አልኩት፣ «ሌላውም ጥለት ያውቃል።» እሱም ጎን ለጎን አስተያይቶ «የኛው ይበልጣል፣ ፎቶ አለው» አለኝ። የሱ ዕብራይስጥ ንባብ ከኔ የሚሻለው በአንድ ጣት ነው።

ሰኞ ሩማንያዊው ከሃይፋ ተመለሰ። ለማድረቅ ገመድ ላይ የሰቀልኩት አንድ ወረቀት ቀርቶ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ባለፈው ሳምንት ደህና ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «መቼ ሞተ?»

«ማን?»

በአገጩ ወደ ወረቀቱ ጠቆመኝ።

«ኧረ አልሞተም። ሐሙስ ይዘፍናል።»

ሩማንያዊው ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እዚህ አገር ሰው ሲሞት ብቻ ነው ወረቀት በጥቁር የሚታጠረው ብሎ ነገረኝ። የኛ ሰው ሞት የሚሰማው በሰው አፍና በስልክ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት በሰሌዳዎቹ አጠገብ ሳልፍ የሠራተኞቹን እጅ ነበር የማደንቀው።

«ስንት ቦታ ለጠፋችሁ?» አለኝ።

«ከተማውን ሁሉ።»

«ራሞትም?»

«ራሞትም።»

ወገቡን ይዞ ሳቀ፤ መሳቁ አሳመመው፣ ቢያመውም አልተወም። «ሂድ» አለኝ፣ «ሳይቀብሩት ድረስ።»

አውቶቡስ ይዤ ወደ አማቴ ቤት ሄድኩ። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ለቅሶው ተሰማኝ። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነው፤ ታሃና መርካዚት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ፎቶውን አይተው ባለ ኪዮስኩን «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ይሉታል። ባለ ኪዮስኩ ከሩቅ ዳሩን አየት አድርጎ «ሞቷል፣ ምስኪን» ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሥራውን ሠራ። እስከ ጥዋት ድረስ ከሌላ ከተማ፣ ከቂርያት ጋት ሳይቀር፣ ሰው ተሳፍሮ መጥቷል።

ቤቱ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። መሀላቸው አማቴ ተቀምጠው ከሁሉ አብልጠው ያለቅሳሉ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል፣ ለመናገር ቀዳዳ የለም። እንደምንም ተጠጋሁና በጆሯቸው፣

«እማማ፣ ማን ሞቶ ነው የሚያለቅሱት?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ገና አልነገሩኝም።»

ወጉ እንዲያ ነዋ። ሰው እያለቀሰ ቤትህ ሲገባ መጀመሪያ አብረህ ታለቅሳለህ፣ ማን ሞተ የሚለው ኋላ ይደርሳል። ለቀስተኞቹ እናት አውቃለች ብለው ስሙን አላነሡም፤ እናት ደግሞ መርዶው እስኪነገራቸው ይጠብቃሉ።

ነገሩን ልጀምር ስል በሩ ተከፈተና ሟቹ ሐብሐብ ተሸክሞ ገባ። ቤቱን አየ። እናቱን አየ። ሐብሐቡን መሬት አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ድምፁ መቼም ያምራል። አንዲት ባልቴት ይሄ ማነው እንዲህ የሚያለቅስ ብለው ቀና አሉና ለቅሷቸው በመሀል ተቆረጠ። ቀጥሎ የጎረቤታቸው ተቆረጠ። ቤቱ ጸጥ ሲል ብቻውን እያለቀሰ ቀረ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

ከቂርያት ጋት የመጡት ሽማግሌ፣ የአማቴ የአጎት ልጅ ናቸው፣ «አንተ ነሃ» አሉት።

የሳቀም ነበር። የበዛው ግን ተቆጣ። ሽማግሌው ተነሥተው፣ «ሥራ ፈትተን፣ ሌሊት ተነሥተን የመጣነው እንዲቀለድብን ነው? ስሙ በሞት ወረቀት የወጣ ሰው ሐሙስ ቆሞ ይዘፍናል? ሟርት ነው። ይቅርበት!» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እነሱ አይመጡም ማለት ነው፤ እነሱ ካልመጡ ደግሞ አዳራሹን የሚሞላው ማነው? ልጁ የእናቱን ፊት አየ፣ ቀጥሎ የኔን። ዘፈኑ በዚያች ክፍል ውስጥ ሊያልቅ ነው። እኔም «ያለ ጥለት እኮ አቡጀዲ ነው...» ብዬ ጀመርኩና አፌን ዘጋሁ።

አማቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አማችን አንቱ ማለት ደንባቸው ነው፤ ያን ቀንም አልቀየሩትም።

«አማቼ፣ እርስዎ ኖት ያተሙት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄን በቁሙ ቀበሩት።»

«አዎ፣ እማማ።»

«አምሮ ነው የወጣው አሉ።»

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ስሙኝማ። እኔ የማናችሁን ለቅሶ ቀርቻለሁ? ለቅሶ ብድር ነው። ዛሬ እናንተ ለልጄ አለቀሳችሁ፣ እሱ ደግሞ አልሞተም። ብድሩን በምን ልመልስ? እስኪሞት ቁጭ ብላችሁ ልትጠብቁኝ ነው?»

«ኧረ እግዜር አይበለው!» አሉ ሴቶቹ።

«እንግዲያው ሐሙስ ኑና ውሰዱ። ያለቀሳችሁለት ቆሞ ይዘፍንላችኋል። ሟርት የሚሰበረው ሞተ የተባለ ሰው በአደባባይ ሲታይ ነው፤ እናቱም ፊት ተቀምጣ ስታጨበጭብለት።»

ሽማግሌው አፈጠጡባቸው። «አንቺ? ልጄ ማታ ይተኛል ስትዪን አልነበር?»

«በናንተ ጩኸት ማን ይተኛል» አሉ አማቴ፣ «ይልቅ ያን ሐብሐብ አንሡትና ይቆረጥ።»

ሩማንያዊው ያለ ጥለት እንደገና እናትመው ብሎኝ ነበር። አላስፈለገም። የሞተው ዘፋኝ ወሬ በስልክ ከኛ ሙጫ ፈጥኖ አገሩን አዳረሰ። ሐሙስ ማታ ወንበር አልቆ ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የቂርያት ጋቱ ሽማግሌ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። ልጁ መድረክ ላይ ሲወጣ ከኋላ አንዱ «ነፍስ ይማር!» ብሎ ጮኸና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ፍርሃቱን አራገፈለት መሰለኝ፣ እንደዚያን ቀን ዘፍኖ አያውቅም። አማቴ ፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው አጨበጨቡ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እጃቸው ወጣ። ኋላ አንዲት የማያውቋት ሴት አጠገባቸው ተቀምጣ «ይሄ ዘፋኝ የማን ልጅ ነው?» ስትላቸው «የኔ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

የማትናሷ ሴትዮ መውጫው ላይ አገኘችኝ። «በየወሩ የናንተ ነው» አለችኝ። ትንሽ ራመድ ብላ ተመለሰችና «ፎቶውን ግን ሲስቅ ይነሣ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ለባንዱም ለሌላውም ብዙ ማስታወቂያ አትሜያለሁ። ሰው ሥራውን ማን አስተማረህ ሲለኝ ሩማንያዊውን እጠራለሁ፤ ሐቅ ነው፣ እሱ ነው። በዚያ ሳምንት ግን፣ ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ፊት የምገባበት ጠፍቶኝ ስቆም፣ እኔንም ልጁንም ያሻገሩን አማቴ ናቸው።