ከወፍ የተማርነው አስተሳሰር

አዲስ የተሰነጠቀ ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ በሸተተኝ ቁጥር ያደግኩባት ኮኪት ትመጣብኛለች፤ የሚያዝያ ሙቀቷ፣ እየተሰነጣጠቀ እግር የሚውጠው ጥቁር አፈሯ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በላብ ተጠምቀን የምንማርበት ክፍል።

እናቴ የሳይንስ መምህርታችን ነበረች። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ስላልነበረው፣ በበጋው ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ከትልቁ ግራር አጠገብ፣ እኛን ተማሪዎቿን አስከትላ የሽመል ዳስ ሠራች። ጣሪያውን በማሽላ አገዳ ከድነን፣ ቆርኪውንም የተሰበረ ማሰሮውንም እያጋዝን፣ በውኃ ኃይል የሚዞር መንኮራኩርና የአሸዋ ማጣሪያ እንሠራበት ነበር። እናቴ መልሱን አትነግረንም፤ «እስቲ ሂዱና እዩት» ብላ ወደ ኩይሳው ወይም ወደ ወንዙ ትሰደን ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ታደለ ክርክራችንን ቤት ድረስ ይዘን ስለምንገባ፣ ሰሊጥ አራሹ አባቴ «እራት እንኳ በሰላም አይበላም?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ይዞ የመጣው ዐውሎ ነፋስ ዳሱን አፈረሰው። ጠዋት ስንደርስ ሽመሉ ተሰነጣጥቆ፣ ሚስማሩ ተነቃቅሎ፣ መንኮራኩራችን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አገኘነው። ርእሰ መምህሩ መጥተው አዩና፣ «መምህርት፣ ቦታው ይጽዳ። ልጆች ላይ ወድቆ ቢሆንስ ኖሮ?» አሏት። ማታ እናቴ ለአባቴ «ዝውውር ልጠይቅ ነው» ስትላቸው ሰማኋት፤ እሳቸው እርሻውን ትተው መሄድ እንደማይችሉ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ስብርባሪውን ስንለቅም ቀና ብል፣ ግራሩ ላይ ቢጫ ወፎች ከሣር የሠሯቸው ጎጆዎች እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። «እማ፣ የእነሱ ለምን አልወደቀም?» አልኳት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ «መምህርት» ማለት እንዳለብኝ ረስቼ። እሷም ቀና ብላ ብዙ ካየች በኋላ፣ «እስቲ ሂጂና እዪው» አለችኝ። ታደለ ከተገነጠለ ቅርንጫፍ ላይ አንዱን አመጣ፤ ቅርንጫፉ ቢሰበርም ጎጆው አልተፈታም። ከበን ስንፈታው እያንዳንዱ ሣር ከሥር ገብቶ ከላይ እየወጣ፣ በተሳበ ቁጥር የሚጠብቅ ሆኖ አገኘነው። ግትር የሆነ ነገር አልነበረበትም፤ የእኛ ሚስማር ግን ሽመሉን ሰንጥቆት ነበር።

እናቴ ዳሱን ያለ ሚስማር መልሰን እንድንሠራ ርእሰ መምህሩን አንድ ዕድል ለመነቻቸው። ቅዳሜ አባቴ፣ ሲደርቅ የሚጠብቅ እርጥብ የዛፍ ልጥ ተሸክመው መጡ፤ እኛ እየጠለፍን፣ እሳቸው ምሰሶ ይዘው፣ «አባ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት» ስንላቸው ዝቅ፣ ከፍ ስንላቸው ከፍ ያደርጉልን ነበር። ቀጣዩ ዐውሎ ክፍል ውስጥ ሳለን መጣ፤ መስኮቱን ከበን፣ ዳሱ ሲያጎነብስ፣ ሲወዛወዝ፣ ተመልሶም ሲቀና አየን። ሲያባራ ርእሰ መምህሩ ሄደው ምሰሶውን በትከሻቸው ገፍተው ሞከሩትና፣ «ይቆይ» አሉ። እናቴ ጮክ ብላ ሳቀች። መስከረም ትምህርት ሲከፈት የቅል ሐረግ ጣሪያውን አልብሶት ነበር፤ የዝውውሩም ነገር ዳግመኛ አልተነሣም።

ዛሬ ጎንደር አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፕ አለው፣ ቧንቧውም ውኃ ያወርዳል፤ እናቴ ይህን ሁሉ ብታገኝ ኖሮ ምን ትሠራበት ነበር እያልኩ አስባለሁ። ተማሪዎቼ ጎበዞች ናቸው፤ ደወል ሲደወል ግን ዕቃውን ወደ ቦታው መልሰው ይወጣሉ፣ እኔም ቆልፌ እከተላቸዋለሁ። የእኛ ዳስ በር አልነበረውም፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማንም ውጡ አይለንም ነበር።