የቀበናው ፎቅና ምድር

እኔና ባለቤቴ ቀበና የሚሸጥ የጥንት ፎቅና ምድር ቤት ልናይ ሄድን። ፒጃማ የለበሱ አንድ አዛውንት ከፈቱልን። ክፍሎቹን ሁሉ አስጎበኙን። የእንጨቱ ደረጃ ላይ ስንደርስ፣ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ይቺ ታንሸራትታለች» አሉን። በረንዳው ላይ ሻይ ጋብዘውን የየጎረቤቱን ጠባይ ሲነግሩን ባለቤቴን አንጀቷን በሏት።

«አባባ፣ እንዲህ የሚወዱትን ቤት ለምን ይሸጡታል?» አለቻቸው።

ሰውየው ደነገጡ። «የምን መሸጥ? እኔም እንደናንተ ቤቱን ለማየት መጥቼ ነው እንጂ! ባለቤቶቹ ‹እስኪወስኑ እዚሁ ይረፉ› ቢሉኝ ፋሲካንም እዚሁ ዋልኩ።»

«ታዲያ ባለቤቶቹ የት ሄዱ?» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ቤት ተከራይተው እየጠበቁኝ ነው» አሉ፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ። «ምን ላድርግ ልጄ? የቤት ነገር ችኮላ አይወድም።»