አምስተኛ ሆኖ የገባው ስም

በጣሊያን ጊዜ እኔ ሺራዚ ነበርኩ። ይህን ስናገር የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ። ከቸሃ የወጣ፣ ቆጮ በልቶ ያደገ፣ ዛሬም አማርኛ ሲናገር ጉራጌነቱ ከመጀመሪያው ቃል የሚታወቅበት ሰው የፋርስ ስም ከየት አመጣ? መሳቅ ይችላሉ። እኔ ግን ያን ስም በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ለምን እንደምደፋ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቡታጅራ የገባሁት ጣሊያን ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነበር። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት በአንድ ሽማግሌ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ገበያተኛው ከሳቸው አቡጀዲ ይገዛና ዞር ብሎ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔም ገበያው ሳይበተን ሰፍቼ አስረክበዋለሁ። ሽማግሌውን ሰው ሁሉ ከኋላቸው "ዐረቡ"፣ ከፊታቸው "ሐጂ" ይላቸዋል። እሳቸው ግን ዐረብ መባል አይወዱም ነበር። "እኛ የፋርስ ሰዎች ነን፤ የቤታችን ስም ሺራዚ ነው" ይላሉ፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ። ሲሉት ድምፃቸው ይቀየራል። እኔም እሰማና እቀና ነበር።

እኛ ዘንድ የቤት ስም የሚባል ነገር የለም። የራስህ ስም አለ፣ የአባትህ ስም አለ፤ ከዚያ በላይ ያለው በአፍ የሚያዝ ነው። የአገሬ ሰው አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ሚስት ሲያጭ ይቆጥራል፤ ከማያውቁት ዘንድ ደርሶ "የማን ነህ?" ሲባል ይቆጥራል። መቁጠር ያቃተው ሰው ጎረምሳ ከሆነ ይሳቅበታል፤ ሽማግሌ ከሆነ ግን አይሳቅበትም፣ ዝም ይባላል፣ ይህም የባሰ ነው። አባቴ ደግሞ የታወቀ ቆጣሪ ነበር። የራሱ ቤት ይቅርና የሰፈሩን ሁሉ ቤት ሲቆጥር አንድ ስም አይስትም። ሁለት ቤተሰቦች ሊጋቡ ሲሉ መሐላቸው ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር እሱን ጠርተው ያስቆጥሩታል። ሌላ ሹመት አልነበረውም። እንሰቱንና ሁለት ላሞቹን ይዞ የሚኖር ሰው ነበር።

ጣሊያን ቡታጅራ ላይ ከተደላደለ በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ ወረቀት ያውጣ ተባለ። ወረቀት የሌለው ወንድ ለመንገድ ሥራ ይወሰዳል። ተራዬ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ሰፊ መዝገብ ተዘርግቷል፤ ከመዝገቡ በስተኋላ ቱርጁማኑ ተቀምጧል። የአረቅጥ አካባቢ ሰው ነው፤ አስተርጓሚነቱን ከየት እንደተማረ አላውቅም። ስሜን ጻፈና፣ "የቤት ስም?" አለኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ግራ እየተጋቡ የአያታቸውን ስም ሰጥተዋል። እኔ፣ "ሺራዚ" አልኩ።

"የሐጂ ቤት ነህ?"

"አዎ፣ የቤታቸው ልጅ ነኝ።"

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጻፈው።

ፈርቼ ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብኛል። ወረቀት ያለውም ቢሆን አንድ ቀን ለመንገድ ሥራ መወሰዱ አይቀርም፣ የውጭ ሰው ቤተሰብ ግን አይነካም ይባል ነበር፤ ፍርሃቱ ይህ ነው። የቀረው ግማሽ ትዕቢት ነው። ኮት መልበስ ጀምሬ ነበር። ከገጠር የመጣ ዘመዴ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ሰው እንዳያየን ቶሎ ይሂድልኝ እል ነበር። የአያቴ ስም፣ አባቴ ሲቆጥረው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚሰማው ስም፣ በዚያች ደቂቃ የጭቃ ሽታ ያለው መሰለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ሐጂ በዚያው ቀን ሰሙ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገባቸው አስቀምጠው ሻይ አስቀዱልኝ።

"ሺራዚ የሰው ስም እንዳይመስልህ" አሉኝ። "ሺራዝ የምትባል ከተማ አለች፣ ፋርስ አገር። የዚያች ከተማ ሰው ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።"

"እርስዎ አይተዋታል?"

"እኔም አባቴም አላየናትም። አያቴ አይቻታለሁ ይል ነበር። ማን ያውቃል?" አሉና ሳቅ አሉ። "ከዘይላ ተነሥተህ በባሕሩ ዳር እስከ ዛንዚባር ብትወርድ በየወደቡ ሺራዚ ሞልቷል። ቦምቤይም አለ። አንዲት ከተማ ያን ሁሉ ሰው ልትወልድ አትችልም። አንዱ በመርከብ ይዞት መጣ፣ አንዱ በጋብቻ አገኘው፣ አንዱ ደግሞ የገዛ አባቱ አላኮራው ሲል ከጎረቤት ወሰደው። ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አይለይም። ልጆቹ እውነት ነው ብለው ይይዙታል።"

እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

"ለእኔ ምንም አይደል፤ ስሙ አንድ ሰው ቢጨመርበት አይጠብም" አሉ። "አባትህ ግን በሕይወት አለ አይደል?"

"አለ።"

"እንግዲያው ሂድና ራስህ ንገረው። ከሌላ ሰው አይስማ።"

እሺ አልኩ። አልሄድኩም። ሥራ በዛ፣ ዝናብ መጣ፣ ደግሞም ምን ብዬ እነግረዋለሁ? እያልኩ ወራት አለፉ።

ከዚያ አባቴ ራሱ መጣ። በአንድ የገበያ ቀን ቀና ስል ቡልኮውን እንደለበሰ በረንዳው ሥር ቆሟል። በአረቅጥ አድርጎ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዟል። በእጁ እናቴ በኮባ የጠቀለለችው ቆጮ አለ። ነገሩን በጉራጌኛ በአጭሩ ነገረኝ። በአገራችን ከየቤቱ አንድ ወንድ ለመንገድ ሥራ ተጠይቋል። በቤታችን ከእሱ ሌላ ወንድ የለም። ነገር ግን ከተማ ውስጥ ወረቀት ያለው ልጅ ያለው ሽማግሌ፣ በልጁ ሥር ከተመዘገበ ይቀራል ተብሏል።

"ወረቀትህን ያዝና ና" አለኝ። "አንድ ቃል ነው የሚፈልጉት። አባቴ ነው ትላለህ፣ አለቀ።"

ከበረንዳው እስከ ጽሕፈት ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው። ቢሆንም ለመናገር ይበቃ ነበር። አባቴ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ስለ እናቴ ወገብ እያወራኝ ሄደ። እኔ "እህ፣ እህ" እያልኩ ተከተልኩት።

ቱርጁማኑ መዝገቡን ገልጦ ስሜን አገኘ። ጣቱን መስመሩ ላይ እንዳደረገ ወደ አባቴ ቀና አለና፣ "አባቴ፣ ቤትዎን ይቁጠሩልኝ" አለው።

አባቴ ደስ አለው። ከጣሊያን ጠረጴዛ ፊት የሚያውቀውን ነገር ተጠየቀ። ቡልኮውን አስተካከለና ከራሱ ጀምሮ ወደ ላይ ሰባቱንም ሳይቆም ቆጠረ። ሰባተኛው ከሌላ አገር መጥቶ በሰፈራችን የመጀመሪያውን እንሰት የተከለው ሰው ነው፤ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ተራ የሚጠብቀው ሰው እንኳ ወሬውን አቁሞ አዳመጠው። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። የመጻፍ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

"ሺራዚ የሚባል የለበትም" አለ ቱርጁማኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እኚህ ሰው አባትህ ናቸው ወይስ አይደሉም?"

አጠገቡ ነጭ ሹም ቆሟል። ባለፈው ሳምንት የሐሰት ወረቀት የተገኘበት አንድ ሰው በገበያ መሐል ሲገረፍ አይቻለሁ። ቁስሉን ሳይሆን ድምፁን ነው የማስታውሰው።

"አሳድገውኛል" አልኩ። "አባቴ ግን አይደሉም።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን አንቱ አልኩት። እንደ ማንኛውም የመንገድ ሽማግሌ።

አባቴ አማርኛው ብዙ ባይሆንም ይህን ለመረዳት ይበቃዋል። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ኮቴን ያየ ይመስለኛል። ከዚያ ለቱርጁማኑ፣ "እውነቱን ነው" አለ። ውጭ ስንወጣ ኮባውን እጄ ላይ አኖረና፣ "እናትህ የላከችልህ ነው፤ ሳይደርቅ ብላው" ብሎኝ መንገዱን ጀመረ። አልተከተልኩትም። ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ፤ የአንዲት ሴት ቀሚስ ጀምሬ ነበር፣ ጨረስኩት።

በዚያው ሰሞን ወሰዱት። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ በሚወርደው መንገድ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ ከረመ። በስምንተኛው ወር እግሩ ላይ ቋጥኝ ወድቆበት በሰው ሸክም ቤቱ ገባ። ይህን የነገሩኝ ነጋዴዎች ናቸው። እኔ ሄጄ በማየት ፈንታ ሸሚዝ ሰፍቼ ላክሁለት። መልበሱን ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ጣሊያን ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ሚስት አየሁ። የጉመር ልጅ ናት፤ ወደ ገበያ ስትመጣ ነው የተዋወቅነው። ሽማግሌ ስልክ ቤተሰቧ፣ "ቤቱን የሚቆጥርለት አባቱ ይምጣ" አሉ። እንግዲህ ከአባቴ ሌላ ወዴት እሄዳለሁ? አባቴን ከካድኩበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬ ገባሁ። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ቃጫ ይገምዳል። እግሩ ሥር ሆኜ ነገርኩት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት፣ "መቼ ነው?" ብቻ አለኝ።

በዕለቱ በመንደራቸው ጀፎረ፣ በዚያ ቤቶች ግራና ቀኝ በተሰለፉበት ሰፊ ሣር ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አባቴ ምርኩዙን ከጎኑ አጋደመ። ቀና ብዬ ከልጅቷ ወገን የተቀመጡትን ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቱርጁማኑ መሐላቸው አለ። የአባቷ ወንድም ነው።

እሱም አላለሳለሰውም። "ይህን ልጅ አውቀዋለሁ" አለ። "በመዝገብ ላይ ሺራዚ ነኝ ብሏል። እኚህን አባት አባቴ አይደሉም ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ዋሽቶ ከሆነ አባቱን የካደ ነው፤ አባቱን ለካደ ሰው ልጅ አንሰጥም። እውነቱን ከሆነም ዛሬ ቤት የለውም።"

ሁሉም እኔን አዩኝ።  ሰውዬው ያለው ሁሉ ልክ ነው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ አልካደኝም" አለ። "ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለት ቀን ተጉዤ ደክሞኝ ነበር፤ ስቆጥር አንድ አባት ዘለልኩ። ልጁ ስሙን ሲያጣ ይህ የእኛ ቤት አይደለም አለ። ልክ ነበር።"

ከዚያ ቆጠረ። ከራሱ ጀመረ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ተነፈሰና፣ "ሺራዚ" አለ። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። ቆጠራው ሰባት ላይ ይቆማል፤ ያ መጀመሪያውን እንሰት የተከለው ሰው ስምንተኛ ሆነና ሳይጠራ ቀረ።

ማንም አላረመውም። እዚያ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ከአባቴ ጋር ስንት ጋብቻ አብረው ያስቆጠሩ፣ የእኛን ቤት እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ አባት እንደሌለን ያውቃሉ። ቱርጁማኑ ደግሞ ሁለቱንም ቆጠራ በጆሮው የሰማ ሰው ነው። ሣሩ ላይ የተጋደመውን ምርኩዝ አየ። ከዚያ፣ "አሁን ሞላ" አለ። ልጅቷን ሰጡኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ በሽቅቡ ላይ ደገፍ አደረግሁት። "አባ፣ ሰባተኛውን አስወጣኸው" አልኩት፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም።

"አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል" አለ። "ምን ላድርግ?"

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴን ለቆጠራ የጠራው ሰው የለም። በሽማግሌ ፊት ከገዛ አባቶቹ አንዱን ረስቼ ነበር ያለ ሰው የሌላውን ቤት እንዲቆጥር አይታመንም። አልሳቁበትም፤ ዝም አሉት። እሱም በየመንደሩ ጋብቻ መኖሩን እየሰማ ቃጫውን እየገመደ ኖሮ ሞተ።

ጣሊያን ሲሄድ ወረቀቱን አቃጠልኩት። ስሙ ግን አልተቃጠለም። ልጆቼ ቆጠራ የተማሩት ከአያታቸው ነው፤ እሱም በጀፎረው ላይ የተናገረውን ቃል አላጠፈም። ሺራዚን ጨምሮ አስተማራቸው። እነሱም ለልጆቻቸው አስተላለፉ። ውሸት ነው ብል እኔን ለማዳን የዋሸውን አባቴን በመቃብሩ ውሸታም ላደርገው ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። ፈሪም ስለሆንኩ ነው።

ባለፈው በዓል ላይ የልጅ ልጄ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ቆጠረችልኝ። ትውልድ ሲጨምር ሁሉም አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ለእሷ አባቷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ አባቴ ሦስተኛ ነው። እያንዳንዱን በጣቷ ይዛ ሰባት ላይ ደረሰች። "ሺራዚ" አለችና ቆመች፤ እንደ አባቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"አባባ፣ የመጀመሪያውን እንሰት የተከለው እሱ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ጥሩ ቆጠርሽ" አልኳት።