የጥላዬ ፎርድና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ጥላዬ ጉልበቱን የጨረሰው በእንግሊዝ አገር በአውቶቡስ መሪ ላይ ነው። ከኤድመንተን ተነስቶ በቶተንሃም በኩል ሰቨን ሲስተርስ፣ ከሰቨን ሲስተርስ ተመልሶ ኤድመንተን። በየማቆሚያው ሲቆም፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ሲጠብቅ፣ ከኋላው የሚያንባርቅበትን ሁሉ ሲችል ኖረ። አንድ ቀን እንኳ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ አያውቅም። ልርገጥ ቢልስ የት ሊደርስ? ቀይ መብራት አለ፣ ካሜራ አለ፣ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ ደወሉን የሚጫን ወራጅ አለ። ሰው ጡረታ ሲወጣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ያዘወትራል፣ አንዱ አገር ቤት ገብቶ ቤት ይሠራል። ጥላዬን ግን መጮህ አማረው። በአፉ ሳይሆን በሞተር።

ለዚህ አምሮት መድኃኒቱን ያመጣለት ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ሌዊ ነው። ሌዊ በልጅነቱ ከጃማይካ የመጣ፣ ባቡር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። በዚህ አገር በየቤቱ ጋራዥ ውስጥ ተሸሽገው አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ሞልተዋል። ማደስ ብቻም አይደለም፤ የአያት ዘመን ቀፎ ይፈልጉና ጣሪያውን ዝቅ፣ የኋላ ጎማውን ሰፋ አድርገው ሆዱ ውስጥ የወጠምሻ ሞተር ይከቱበታል። ሆት ሮድ ይሉታል። ሌዊ የዚህ ሃይማኖት የቆየ ምእመን ነውና ጥላዬንም አጠመቀው። ከአንድ የገጠር ግቢ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ የሃምሳዎቹ ዘመን ፎርድ አስመጣለት። ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር ደግሞ ከገዛ ጋራዡ አውጥቶ ሸጠለት።

ከዚያ ወዲያ ጥላዬ ጠፋ። ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ይገባል፣ ማታ ግራሶ ተለቅልቆ ይወጣል። ሚስቱ አልታየሽ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ በሩን አንኳኳች። ቀጥላ እራቱን በሰሃን አድርጋ ጋራዡ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችለት፤ ድመት በላችው። በሦስተኛው ወር ግን ስልኳን አነሳችና በአገሯ ሥርዓት ሽማግሌ ጠራች።

ሽማግሌ ሦስት ነው። ከራሷ ወገን ጋሽ ብርሃኑን መረጠች፤ የቀድሞ መምህር፣ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል፣ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ጥላዬ ጓደኛውን ሳህሌን አቀረበ፤ ሳህሌ ሰቨን ሲስተርስ ላይ በርበሬና ሽሮ ይሸጣል። ሦስተኛው ገለልተኛ መሆን አለበት ተባለ፤ አልታየሽም ብዙ ሳታስብ “ሚስተር ሌዊ ይሁንልኝ” አለች። በግድግዳው በኩል ያ ሁሉ ቅጥቀጣ የሚረብሸው እሱ ነው ብላ ነው። ጥላዬ ሳቁን በሳል አስመስሎ አሳለፈው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳሎን ተቀመጡ። ጋሽ ብርሃኑ ነጠላቸውን አስተካክለው “የምንለውን ትሰማላችሁ? ትታዘዙናላችሁ?” ብለው ሁለቱንም አስማሉ። ከዚያ ለአልታየሽ ዕድል ሰጡ። የምትናገረውን ለሌዊ በእንግሊዝኛ የሚመልሱለትም እሳቸው ነበሩ።

“ብዙ አልልም” አለች። “ሺፍት ሲሠራ ለብቻዬ እበላ ነበር፤ እንጀራችን ነው ብዬ ቻልኩ። ሪታየር ሳደርግ አብረን እንቀመጣለን ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ይኸው ሪታየር አድርጎም ለብቻዬ እበላለሁ። መኪናው ይውጣልኝ።”

ሌዊ ትርጉሙን ሰምቶ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። ጋሽ ብርሃኑም ጉሮሯቸውን ጠርገው “ጥሩ። ነገር ግን በዓይናችን ሳናይ አንፈርድም” አሉና ሦስቱም ተነስተው ወደ ጋራዡ ሄዱ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ጥላዬ መብራቱን አበራ። ፎርዱ ኮፈኑ ተነስቶ፣ ያ ሁሉ ሞተር አፍ አውጥቶ ቆሟል። ጋሽ ብርሃኑ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው መኪናውን ዞሩት። አንዴ ዞሩ። እንደገና ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ይሄ ካርቡራተሩ ነው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ።”

ሳህሌ ኮቱን አውልቆ ጀርባው ላይ እስኪተኛ ጊዜ አልፈጀም። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ያ ዘመን ያለፈ ይመስለው ነበር። “ይሄን ፍሪሲዮን ማነው የገጠመው?” አለ ከሥር ሆኖ። “እኔ ነኝ” አለ ጥላዬ። “ያስታውቃል” አለ ሳህሌ። ሌዊ ራሱ የሸጠውን ሞተር ገና ዛሬ እንዳየው ሰው ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ቆሟል።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ አልታየሽ ፍርድ ስትጠብቅ ነበር። “ልጄ፣ ጉዳዩ ጥልቅ ነው” አሏት ጋሽ ብርሃኑ፣ ግራሶ የነካውን የነጠላቸውን ጫፍ ደበቅ አድርገው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥረነዋል።”

የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፤ ጉዳዩ የባሰ ጠለቀ። በዚያን ቀን የጠለቀው ማርሹ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ፣ ከዚያ ማርሚታው፣ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ የላሜራው ዝገት። ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው ይመጣሉ፤ ጋሽ ብርሃኑ ነጠላ ለብሰው፣ ከነጠላው ሥር ቱታ ለብሰው። አልታየሽ ለሽማግሌ እንደሚገባው ታቀርባለች። ዶሮ ወጡን በልተው፣ መርቀው፣ “እስቲ ጉዳዩን እንመርምር” ብለው ይነሳሉ። በዓለም ላይ የሰው ትዳር እንደዚህ በካቻቪቴ ተመርምሮ አያውቅም።

እሷም አትከለክላቸውም። ሰሃኑን ካነሳች በኋላ ተረከዝ የሌለው ጫማዋን ታደርጋለች፣ ቦርሳዋን ታነሳለች፣ “ማኅበር አለብኝ” ብላ ትወጣለች። የጽዋ ማኅበር በወር አንዴ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚጠጣው የማን ጽዋ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጥላዬ ትውጣለት እንጂ ወደየትም ብትሄድ ግዱ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ አራቱም ሞተሩ ላይ ተደፍተው ሳለ ከጋራዡ ውጭ፣ ከመንገዱ ላይ፣ አንዲት መኪና እየተነሳች ስትጠፋ፣ እየተነሳች ስትጠፋ ሰሙ። ሳህሌ አንገቱን ቢያወጣ የለማጅ ምልክት የለጠፈች ትንሽ ቀይ መኪና ናት፤ ጀርባዋ ብቻ ይታያል። “ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቀው፣ ወንድሜ! እንቁላል ነው በለው!” ብሎ በአማርኛ ጮኸባት። አራቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀይዋ መኪና እንደምንም ተንገጫግጫ ሄደች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ዞረ። በሰኔ አንድ ቅዳሜ፣ አልታየሽ ወደ ማኅበሯ እንደወጣች፣ ጥላዬ ቁልፉን አዞረ። ፎርዱ አንዴ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ ከዚያ ጮኸ። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ የነበረ የብሎን ጣሳ ወድቆ ተበተነ፤ ማንም ሊለቅመው አልጎነበሰም። ጥላዬ ዕንባው መጣ። ሌዊ አቀፈው። ጋሽ ብርሃኑ ትከሻቸውን አንድ ሁለቴ ወደ እስክስታ ወሰዱትና ሽማግሌ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አቆሙ።

ጥላዬ ሞተሩን ሲያጠፋ በሩ ላይ አልታየሽ ቆማለች።

“ፍርዱ ደረሰ?” አለች።

ጋሽ ብርሃኑ ነጠላቸውን ፈለጉ፤ አሮጌው ባትሪ ተጠቅልሎበታል። “እንግዲህ ልጄ፣ የሁለቱንም ወገን በሚገባ መርምረን…”

“እኔንም?” አለች። መልስ አልጠበቀችም። እጇን ወደኋላ አጣምራ፣ ልክ ጋሽ ብርሃኑ በመጀመሪያው ቀን እንዳደረጉት፣ መኪናውን ዞረችው። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። በቀኝ በኩል መሪው አለ፣ ከመሪው ፊት ቀይ ቆዳ የለበሰ ያማረ ወንበር አለ። በግራ በኩል፣ ሰው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ፣ የብረት ሣጥን በብሎን ታስሯል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የባትሪው ሣጥን ነው” አለ ጥላዬ። “ክብደቱ እንዲመጣጠን ብለን…”

“እኔ የት ነው የምቀመጠው?”

አራቱ ወንዶች ተያዩ። ስለ ጎማው ስፋት ሦስት ቅዳሜ ተከራክረዋል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን ወይንጠጅ በሚል ሳህሌና ሌዊ ተኳርፈው ነበር። ይህችን ጥያቄ ግን አንዳቸውም አንድም ቀን አላነሷትም። ጥላዬ ከጆሮው ጀምሮ ጋለ። አፈረ፤ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ሁሉ በወንበር ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው ለሚስቱ አንድ ወንበር ረሳ።

“ቁልፉን” አለች አልታየሽ እጇን ዘርግታ።

“ምን ልታደርጊ?”

ከቦርሳዋ ሮዝ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችለት። “ረቡዕ ለት ፓስ አደረግኩ።”

“ማኅበሩስ?” አለ ጥላዬ።

“ማኅበሬ ቀይ ነበረች። እንቁላል ነው በለው እያላችሁ ስትስቁብኝ እዚሁ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። እናንተ ቀጠሮ ስታበዙ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ።”

ሳህሌ ለመከላከል ያህል “ኢንሹራንስ ሳይኖራት እንዴት…” ብሎ ጀመረና ወደ ሌዊ ዞረ። የመኪናውን ወረቀትና ኢንሹራንስ የጨረሰው ሌዊ ነበር፤ የእሷንም ስም አስገብቶበታል። ሌዊ ጢሙን እያሻሸ የጋራዡን ጣሪያ ያያል። ያን ሁሉ ቅዳሜ ከሁሉም በኋላ በጓሮ በር በኩል በሰሃን የተሸፈነ ዶሮ ወጥ ወደ ቤቱ ሲገባ የኖረው በከንቱ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

አልታየሽ ቀይ ቆዳው ላይ ተቀመጠች፣ መስታወቱን ወደ ቁመቷ አወረደች። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፋባት። ሳህሌ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። በሁለተኛው ፎርዱ አገሳና ወጣ። ጥላዬ እንዲህ ያለ ድምፅ ከውጭ ሆኖ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ ወደ ዋናው መንገድ ሲያመራ፣ ሲርቅ፣ ሲጠፋ። አራቱ ወንዶች ባዶ ጋራዥ ውስጥ ቆመው ቀሩ።

“አፍሳ አልለቀመችም” አሉ ጋሽ ብርሃኑ ቀስ ብለው።

ስትመለስ መኪናውን በአግባቡ አቆመች፤ ቁልፉን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። “ከተጠራችሁ አይቀር ፍርዱን እኔው ልንገራችሁ” አለች። “መኪናው ይቆይ። የጎደለውን እሱ ያውቃል።” ገብታ በሩን ዘጋች።

ጥላዬ ሳምንቱን አልተኛም ማለት ይቻላል። ወንበር ፍለጋ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሁሉ አሰሰ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቶተንሃም ውስጥ ከመጀመሪያው ጋር የሚሄድ አንድ አገኘ። ሌዊ “በቫኔ ላምጣልህ” ቢለው እምቢ አለ። በአገሩ ሥርዓት የበደለ ሰው ለዕርቅ ሲመጣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ጥላዬም ወንበሩን በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ስንት ዓመት የነዳውን ያንኑ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሾፌሩ የድሮ ባልደረባው ነበር። ከላይ እስከ ታች አየውና “ለወንበሩም ትከፍላለህ?” አለው። ጥላዬ አልሳቀም። ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር፤ እሱ ግን ቆሞ ሄደ።

ኩሽና ሲገባ አልታየሽ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ በዚያን ቀን ያለ ቱታ፣ ከኋላው በሩ ላይ ቆሙ።

“ማሪኝ” አለ ጥላዬ፣ አንገቱ ከወንበሩ ሥር ጎብጦ።

አልታየሽ ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ጨመረች። አማሰለች። ጋሽ ብርሃኑ “ማሪው እንጂ ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር” አሉ።

“እርስዎም ዝቅ ይበሉ ጋሼ” አለቻቸው። ጋሽ ብርሃኑ ዝቅ አሉ፤ ሳህሌም ዝቅ አለ፤ ሌዊ ያልተተረጎመለትን ሁሉ ተረድቶ ከሁሉም በላይ ጎነበሰ። ጥላዬ ወንበሩን እንደተሸከመ ጠበቀ። ድስቱን ከደነችና ዞር ብላ አየችው።

“በልተሃል?”

“አልበላሁም።”

“እንግዲያው አውርደውና አብረን እንብላ” አለች። “ከበላን በኋላ በግራ በኩል ትገጥመዋለህ። የግራው ያንተ ነው።”